በፍሬ ወይስ በሰዓት? የጣት አንጓ የምታክል ወታደር ቀብቼ ስንት ላስከፍል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ነኝ፣ ቆጪ አካባቢ። ቀን ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ሚኒየቸር እቀባለሁ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ጦርነትን ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ወታደሮቻቸውን በየተራ በሜትር እየለኩ ያራምዳሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ፣ የሞተውን ያነሳሉ። በጣም የታወቀው ዋርሃመር ነው። በፈረንጆቹ 1983 እንግሊዝ አገር የወጣ ጨዋታ ነው፤ ዛሬም ድረስ ሰው ደመወዙን ይጨርስበታል። እውነተኛ ታሪክ የሚጫወቱም አሉ፤ ናፖሊዮን፣ ሮማ፣ ዓድዋ ሳይቀር። ወታደሮቹ ሳይቀቡ ነው የሚሸጡት። ወይ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ወይ የቆርቆሮ ቅይጥ። የተለመደው መጠን 28 ሚሊ ሜትር ነው። የአውራ ጣት አንጓ በሉት። ገዝቶ ለመቀባት ትዕግሥት የሌለው ብዙ ነው፤ እሱ ከፍሎ ያስቀባል። እኔ የምገባው እዚያ ጋ ነው።

ከስድስት ሳምንት በፊት ውጭ የሚኖር አንድ የጅማ ልጅ 24 እግረኛና አንድ ፈረሰኛ አለቃ ላከልኝ። የዓድዋ ዘማቾች ናቸው፤ ሁሉም የቆርቆሮ ቅይጥ። ወንድሙ በፎጣ ጠቅልሎ በሻንጣ ይዟቸው መጣ። እግረኛው በፍሬ 250 ብር፣ ፈረሰኛው 800፣ በድምሩ 6,800 ብር ተስማማን። ግማሹን፣ 3,400 ብር፣ በቴሌብር ቀብድ ላከ። እኔም ደስ ብሎኝ ጀመርኩ።

12ቱን ጨረስኩ። ወሩ ሐምሌ ነው። የጅማን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀለሙ እንዳይላጥ የማያብለጨልጭ ስፕሬይ ቫርኒሽ በረንዳ ላይ ነፋሁባቸው። ጠዋት ስነሳ 12ቱም ጉም ለብሰው ቆመዋል። ቀዩ ሮዝ ሆኗል፣ ጥቁሩ ግራጫ። ፊታቸው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ቀብዴን መልስ አለኝ።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ምስሎቹ ይድናሉ ወይ? ቀብዱን ልመልስ ወይ? ዋናው ግን፣ ከመጀመሪያው በፍሬ መዋዋሌ ራሱ ስህተት አይደለም ወይ? እኔ በሰዓት መሆን ነበረበት ባይ ነኝ።

(በኋላ የጨመርኩት፦ ውይይቱ ካሰብኩት በላይ ረዘመ። አዲስ የምትገቡ ሁሉን ስታነቡ እንዳታመሹ የተባለውን በየቁጥሩ አሳጥሬ እዚሁ አስቀምጫለሁ። አድልዎ ካለበት ከኔ ነው።)

1. መጀመሪያ የመለሰልኝ አዲስ አበባ የሚኖር፣ የአውሮፕላን ሞዴል የሚገጣጥም ሰው ነው። በጣም ጨዋ። ከመምከሩ በፊት የት ሆኜ፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ያህል ርቀት እንደነፋሁ ጠየቀ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ዝናቡ እንዳባራ ነበር። እንግዲያው መልሱ እሱ ነው አለ። ስፕሬዩ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቫርኒሹ ሳይደርቅ ይገባበታል፣ ሲደርቅ ጉም ሆኖ ይቀራል። ቀለሙ ግን ከሥር ደህና ነው። እንዳልልጠው አጥብቆ ነገረኝ። የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ በብሩሽ ቀብቼ ጉሙ ሲጠፋ፣ የማያብለጨልጨውን እንደገና በብሩሽ እንድደርብበት። ይህንንም መጀመሪያ በአንዱ ላይ ብቻ እንድሞክር።

2. ሁለተኛው እዚሁ ጅማ የጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ቀለም የሚቀባ ሰው ስለ ቀጭን ብሩሽ ቢናገር ይሰማል። በአንደኛው ተስማማ፣ ሁለት ነገርም ጨመረ። ጣሳውን ከመንፋቴ በፊት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እንዳቆየውና ሁለት ደቂቃ ሙሉ እንድወዘውዘው። ክረምት ላይ ደግሞ ስፕሬይ ጭራሽ እንድተው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድበት ከተማ ውስጥ ሆነህ ጣሳው ላይ ለሌላ አገር አየር የተጻፈ መመሪያ አትከተል ነው ነገሩ።

3 እና 4. ሦስተኛው፣ ክፍሉን በከሰል ምድጃ አሙቀህ እዚያው ንፋ አለ። አራተኛው ጮኸበት። ስፕሬዩን የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ ሰው ልትገድል ነው ወይ ብሎ። ሦስተኛው ይቅርታ ጠይቆ መልሱን ሊያጠፋ ፈለገ። አራተኛው ግን ሌላው እንዲማርበት ይቆይ አለ። እኔም አራተኛው ትክክል ነው እላለሁ። ከሰልና ስፕሬይ አንድ ቤት አይገቡም።

5 እና 6. አንዱ ውጭ አገር ሰዎች ጉሙን በወይራ ዘይት ሲያጠፉ አይቻለሁ፣ እኛ ደግሞ የኑግ ዘይት አለን አለ። ቴክኒሻኑ ተመልሶ መጣ። ዘይት ለጊዜው ጉሙን ይደብቃል፣ ግን ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል አለ። እኔ መቼም ሰው ያለውን ሳልሞክር የማልቀር ነኝ፤ በአንዱ ላይ ኑጉን ሞከርኩ። እውነትም ጉሙ ጠፋ። ወታደሩ ግን ወጥ ወጥ ይሸታል። በሳሙና አጥቤ የሚያብለጨልጨውን ቫርኒሽ በብሩሽ ደረብኩለት። በብሩሹ ጫፍ ከትከሻው ጀምሬ ወደታች ስወርድ፣ ግራጫው መስመር በመስመር እየተገፈፈ ቀዩ ጥለት ከሥሩ ብቅ ሲል ዓይኔን ማመን አቃተኝ። መስኮት የወለወልኩ ነው የመሰለኝ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ በዚሁ ተመለሰ፤ ይድናሉ።

7. ሰባተኛው የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ለአንድ እግረኛ ስንት ሰዓት እንደፈጀሁ ጠየቀኝ፣ አራት አልኩ። ለፈረሰኛው 14 ገመትኩ። ጨከነ። 24 በአራት 96፣ በ14 ሲደመር 110 ሰዓት። ከ6,800 ላይ ለቀለም፣ ለብሩሽና ለቫርኒሽ ያወጣሁትን 2,100 ቀነሰ። የቀረውን 4,700 ለ110 አካፈለ። በሰዓት 43 ብር ገደማ። ለካ አንድ ሰዓት ሙሉ ጎብጬ የማገኘው ማኪያቶ ለመጠጣትም ያጣጥራል። የውጭ ቀለም ትንሽ ጠርሙስ ናት፤ የምትገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሄዷል። እኔ ግን ለቀለም ያሰብኩት በድሮው ዋጋ ነበር። ይህን ሁሉ አስልቶ ሲያበቃ ግን ከኔ ጋር አልተስማማም። ሰዓት የአንተ ደብተር ነው፣ ለደንበኛ የሚነገረው የፍሬ ዋጋ ነው አለ። አንዱን ቀብተህ ሰዓትህን ቆጥረህ በዚያ ላይ ተመሥርተህ ለፍሬ ዋጋ ጥራ። ደንበኛው ሰዓቱን መስማት የለበትም።

8. ስምንተኛው የጅማ በርጩማ ጠራቢ ነው። ባለ ሦስት እግሩን፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሳይቀጠል የሚወጣውን። አጭር ነው የጻፈው። በሰዓት ይከፈል ካልን ሰነፉ ጠራቢ ከጎበዙ የበለጠ ሊያገኝ ነው አለ። በርጩማ የሚገዛ ሰው ቀጥ ብሎ መቆሙን እንጂ ስንት ቀን እንደፈጀ ጠይቆ አያውቅም።

9 እና 10. ተከላከልኩ። የኔ ሥራ እንደ በርጩማ አይደለም፤ የዓይን ብሌን ሳይቀር ይሣላል፣ ገዢው ልፋቱን ካላወቀ ዋጋውን አያከብርም አልኩ። አንተ እያልኩ ነበር የጻፍኩት። እሱም መለሰ፣ ሞቅ ብሎት። በአንድ አንጓ ሰው ላይ አራት ሰዓት ከፈጀህ ችግሩ ያለው ከዋጋው አይደለም፣ ከእጅህ ነው አለ። እሱ መጥረብ የጀመረው በደርግ ጊዜ እንደሆነም ጣል አደረገ። እዚያ ላይ ደነገጥኩ። ከአባቴ እኩያ ጋር ነው ለካ አንተ እየተባባልኩ የምሟገተው። ከዚያ በኋላ እርስዎ ነው ያልኳቸው። ንግግራቸው ግን አልተዋጠልኝም። ረጅም መልስ ጻፍኩና አጠፋሁት።

11. ያዳነችን ሐዋሳ የውበት ሳሎን ያላት፣ ጥፍር ላይ የምትሥል እህታችን ናት። ማናችንንም ሳትነካ ስለ አሠራር ብቻ ተናገረች። አስር ጥፍር ስትሠራ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው አትሄድም። የአስሩንም መደብ ትቀባለች፣ ከዚያ የአስሩንም መስመር፣ ከዚያ የአስሩንም ነጥብ። አንተስ ለምን አንዱን ወታደር ከጫማ እስከ ፀጉር ትጨርሳለህ አለችኝ። የሁሉንም ሸማ፣ ከዚያ የሁሉንም ቀበቶ፣ ከዚያ የሁሉንም ጠመንጃ። ብሩሽ እያጠብክ ቀለም እየቀየርክ የምታጠፋው ጊዜ እኮ ነው አራት ሰዓት ያደረገው። ጠራቢውን ሳትጠቅስ ጠራቢውን ደገፈች። ከሷ ሲመጣ ግን ዋጥኩት። በመጨረሻም በአሴቶን እንዳትነካቸው ብላ አስጠነቀቀች።

12 እና 13. አሴቶን ስትል አንዱ ኑዛዜ ገባ። የፕላስቲክ ወታደሮች ቀለማቸውን ሊያስለቅቅ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ቡና ሊጠጣ ሄደ። ሲመለስ ማስቲካ ሆነዋል። አሴቶን እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያሟሟዋል፤ የብረት ቅይጡን አይነካውም። ቴክኒሻኑ ሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ስለ ሌላ ነገር አስጠነቀቀ። ብሩሹን ለማሾል በምላስህ አትንካ አለ። ቀባዮች ሁሉ የምናደርገው ነገር ነው። የድሮ ቅይጥ ምስሎች ውስጥ እርሳስ አለ፣ አንዳንድ ቀይና ቢጫ ቀለም ውስጥ ደግሞ ካድሚየም። እኔ ይህን ሳነብ ብሩሹ አፌ ውስጥ ነበር።

14. እዚህ ላይ ጋሼ ገቡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ጉሙ አልተነፈሱም፣ ስለ ዋጋውም። ፎቶውን አጉልተው አይተው የያዙኝ በፊቶቹ ነው። እነዚህ 12 ሰዎች ከአንድ ማህፀን በአንድ ቀን ነው ወይ የተወለዱት ብለው ጠየቁ።

እውነታቸውን ነው። 12ቱንም ከአንድ ጠርሙስ በወጣ ቡናማ ነው የቀባኋቸው። የውጭ ቪዲዮ አይቼ፦ ቡናማ ቀቡ፣ ጥቂት ነጭ ጨምሩና ጉንጩን አብሩ ይላል። ጋሼ አማርኛ ለሰው መልክ ያለውን ቃል ዘረዘሩልኝ። ጠይም፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ። በአፍህ አምስት መልክ እየጠራህ በብሩሽህ አንድ መልክ ብቻ የምትቀባው ለምንድን ነው ነው ነገሩ። ከየአገሩ ተጠራርቶ የዘመተ ጦር ደግሞ አንድ መልክ ከየት ያመጣል?

ቀጥለው አሠራሩን አስተማሩኝ። ነጭ ከቡናማ ጋር ሲገናኝ አመድ ይሆናል። ብርሃኑን በነጭ ሳይሆን በብርቱካናማና አፈር በሚመስል ቢጫ አውጣ አሉ። ለጠይሙ ከጥቁር ቡናማ ጀምር፣ ለቀይ ዳማው ከሸክላ ቀለም። የአፍንጫ ጫፍ፣ የጉንጭ አጥንት፣ ከቅንድብ በላይ፤ ሦስት ቦታ ብቻ ነካ ነካ። ሸማው ላይ ደግሞ ተቃራኒውን አጥፍቻለሁ። ነጭ ጨርቅ ስለሆነ በንጹሕ ነጭ ሸፍኜዋለሁ፣ ስለዚህ ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ መስሏል። ነጭ ሸማ ነጭ አይደለም አሉኝ። ወደ አፈር የሚያደላ ግራጫ መደብ አድርግ፣ የእጥፋቱን ጀርባ አንጣ፣ ንጹሑን ነጭ ለእጥፋቱ ጫፍ ብቻ አስቀምጥ። ጥለቱን መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ።

15. በዚያው ማታ ሞከርኩ። ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ ሳህን ላይ እርጥብ ስፖንጅ፣ ስፖንጁ ላይ ኬክ ቤት የሚያነጥፉትን ወረቀት አድርጌ እዚያ ላይ ነው የምደባልቀው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልክ ብርሃን ሠራሁ። ጠዋት ሳየው የቀይ ዳማው ሰውዬ ካሮት ሆኖ አደረ። የስልክ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ እሱን ለማካካስ ሳላውቀው ብርቱካናማውን አብዝቻለሁ። በቀን ብርሃን መስኮት ሥር ደገምኩት። ፎቶውን ስለጥፍ ጋሼ አንድ ቃል ነው የመለሱት፣ እሱንም ሳልጠቅስ ልለፈው። ሲደላቸው ነው እንደዚያ የሚሉት።

16፣ 17 እና 18. የታሪክ ሰዎች መጡ። አንዱ የምስሉን ሠሪ ከሰሰ። ጎራዴው በቀኝ ጎን ተንጠልጥሏል፣ ፈረንጅ አያውቅም ብሎ። ሌላው አረመው። የኛ ሰው ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ነበር፤ ድሮ አገራችንን ያዩ መንገደኞች ጽፈውታል። ሦስተኛው ደግሞ ጠመንጃው ላይ አተኮረ። በእጅ የሚሳብ መቀርቀሪያ ስላለው ውጅግራ ነው አለ። የፈረንሳዮቹ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ነው፤ ስሙ እነሱ ከሚሉት ፊውዚል ግራ ወደ እኛ አፍ ሲገባ ውጅግራ ሆነ። ሰናድር የሚባለው ሌላው ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ ጥይት የሚገባበት ክፍቱ በጎን ይሆን ነበር። ብረቱን በጥቁር ብቻ እንዳልቀባ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ትንሽ የብር ቀለም እንድነካካ መከረኝ። ተግባራዊ ታሪክ እንዲህ ነው ደስ የሚለው።

19 እና 20. እዚህ ጋ ነገሩ ሻከረ። አንድ አዲስ ገቢ የካቲት 23 ቀን 1888 ደማቸውን ያፈሰሱትን ሰዎች መጫወቻ አድርጋችሁ በ250 ብር ትሸጣላችሁ ብሎ ዘለፈን። ሰው ተናደደ። አንዱ እሱም በየዓመቱ የካቲት 23 ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ፎቶ እንደሚለጥፍ ገጹን አገላብጦ አስታወሰው። የመድረኩ ኃላፊ ሁለቱንም አስጠንቅቆ አለፈ። እኔ ምንም አልጻፍኩም። ግን ሰውዬው ከሄደ በኋላ ሳስበው፣ ቅሬታው ውስጥ ያለችው 250 ብር እኔንም ቆጠቆጠችኝ። በሌላ ምክንያት ነው እንጂ።

21. ቀጣዩ አባቱ ጋሪ ነጂ የነበሩ የጅማ ልጅ ነው። ፈረሰኛውን ጥያቄ ውስጥ አስገባው። ፈረሱን ጥቁር ልቀባው እንደሆነ ጽፌ ነበር። ጥቁር ፈረስ የለም፣ ጉራቻ ነው የሚባለው አለ። ዳማ አለ፣ ቡላ አለ፣ ነጩ አምባላይ ነው። አለቃው በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ ፈረሱን ሳትወስን አለቃውን አትቀባ አለ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የኛው አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። ከዚያ ጅሬን ቤተ መንግሥት ገባን፣ ከዚያ ወጥተን ኳስ ውስጥ ገባን። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ሊጉን የወሰደ ጊዜ ማን የት እንደነበር መናገር ተጀመረ። እኔም ተናገርኩ። ስለ ቀለም ለግማሽ ቀን የጻፈ የለም።

22. በኳሱ መሐል አንድ ሰው መንደራ ጆተኒ ቤት እንዳለው ገለጸ። ተጫዋቾቹ ቀለማቸው ተላልጦ ማን ከማን እንደሆነ አይለይም፣ ልጆች በዚህ ይጣላሉ። በአንድ ቡድን 11፣ በድምሩ 22። ስንት ትቀባልኛለህ ብሎ ጠየቀ። እኔም ወዲያው በፍሬ 60 ብር፣ 1,320 ብር አልኩት። ተስማማ።

23. ደቂቃ አልሞላም። ጠራቢው ተመለሱ። በፍሬ ነው ወይ ያልከው ብለው ብቻ ጠየቁ። የሂሳብ ሠራተኛው በሳቅ ምልክት መስመሩን ሞላው። ጥፍር ሠሪዋም። ምን እላለሁ? ለጆተኒው ሰውዬ ሰዓት ብቆጥርለት ኖሮ ገና ሳልጨርስ ይሄድ ነበር። እርስዎ ልክ ነበሩ ብዬ ጻፍኩ። ስለ እጄ ፍጥነት ያሉትን ግን አሁንም አላነሳሁም፣ እሳቸውም አላነሱትም።

24. አንድ ወጣት ከሄርማታ በኩል ጻፈ። እሱ የሰው ምስል አይቀባም፣ በሃይማኖቱ ምክንያት። የሚሠራው ወታደሮቹ የሚቆሙበትን መሬት ነው፤ ድንጋይ፣ ዛፍ፣ ጎጆ። ለአፈር የሚጠቀመው የቡና አተላ ነው። ጅማ ላይ አተላ መቼም አይታጣ። ከበረካ በኋላ ጀበናው ውስጥ የቀረውን አውጥቶ፣ ምጣድ ላይ በቀስታ አመስ አድርጎ፣ የምስሉ መቆሚያ ላይ ኮላ ቀብቶ ይነሰንስበታል። ሳይደርቅ ከነሰነስከው በሳምንቱ ሻጋታ ያበቅላል፣ ክረምት ላይ በተለይ። ሞከርኩት። እናቴ አተላውን ስለምናት እንደ እብድ ነው ያየችኝ። ሲደርቅ ግን እውነተኛ አፈር ነው፤ እብጥ እብጡ ሳይቀር።

25. ዓድዋን በዓይኑ ያየ ሰው አረመን። ይህ የጅማ መሬት ነው፣ የዓድዋ አይደለም አለ። እዚያ ድንጋዩ ይበዛል፣ አፈሩም ከዚህ የነጣ ነው። አተላውን ከሥር ተወው፣ ላዩን በደረቅ ብሩሽ አሸዋማ ቢጫ ዳብሰው፣ ሁለት ሁለት ጠጠር ጨምር። ከሄርማታው ልጅ ጋር ተግባብተው ለብቻቸው ማውራት ጀመሩ።

26. ይህን አልጠበቅሁም። ደንበኛዬ ራሱ ገባ። ወንድሙ ነው ያሳየው። አክብሮ ነው የጻፈው፤ ነገር ግን ይቆረቁራል። ቀብዴን መልስ ያልኩት ስለ ጉሙ አይደለም አለ። ፎቶ ብቻ ልከህ አንድ ቃል ሳትጽፍ ሁለት ቀን ስለጠፋህ ነው። ዞሬ የስልኬን መልእክት አየሁ። እውነቱን ነው። ደንግጬ ፎቶውን ልኬ ስልኬን ዘግቼ ተኝቻለሁ። እናንተ ጋ ስጽፍ ያንን ትቼዋለሁ። እሱ ደግሞ ሁሉን መልስ አንብቦ ነበር። የ12ቱ ፊት ጋሼ እንዳሉት እንዲታረም፣ ለቀሩት 12 ደግሞ በፍሬ 350 ሊከፍል፣ መቆሚያውም በአተላ እንዲሆንለት ፈለገ። ነገር ግን ከአሁን በኋላ አንድ ናሙና ቀብቼ ሳላሳየው ሌላውን እንዳልነካ። የጅማ ቡና ከእግራቸው ሥር ይኑር ብሏል። ይቺን ያለው ወዶ ነው ተናዶ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

27. እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። የሂሳብ ሠራተኛው 12 ፍሬ በ100 ብር ሲባዛ 1,200 ብር ጭማሪ መሆኑን አስልቶ፣ የፊት እርማቱን በግማሽ ግማሽ ሰዓት ቆጥሮ፣ በሰዓት ስንት እንደገባ ሊነግረኝ ጀመረ። እባክህ አትንገረኝ አልኩት።

28. አሁን የናሙናው ፎቶ ተልኳል። ጠይም፣ ጎፈር የለበሰ፣ ጋሻው በቀይ ከፈይ የተሸፈነ። የጆተኒ ተጫዋቾቹ አጠገቡ ተኝተዋል፤ የ11ዱን ማሊያ በአንዴ ቀብቼ እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ነው።

29፣ 30 እና 31. የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ስለ አተላው ሲወራ ያስታወሳቸው መሰለኝ፣ ጅማ ላይ አሁን የታጠበ ቡና በኪሎ ስንት ገባ እያሉ ነው። የምታውቁ መልሱላቸው። እዚህ ዝናቡ ጀምሯል፣ መስኮቱን ልዝጋ።